ፕሩፍ ላይ መፈረም

(በመገናኛ በዓላችን ሁለተኛ ቀን ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኛል። ከምሳ በኋላ መናገር ቅጣት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዛሬው ክትፎ በኋላ ደግሞ ቅጣቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ ልለምን። እስቲ ከኪሳችሁ አንድ አንድ ዶላር አውጡ። አትፍሩ፣ መዋጮ አይደለም፤ የመዋጮው ሰዓት ነገ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተንን ኮት በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ቀስ ብላችሁ ጫር ጫር አድርጉት። ይሻክራል አይደል? አሁን ጠርዙ ላይ ያለውን ባዶ ወረቀት ሞክሩት። ለስላሳ ነው።

ያ የሻከራችሁ ነገር ቀለም ነው፤ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ የቀረ ቀለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ቀለም፣ ቀለሙ የሚወጣበትን ብረት ስለሚቀርጹት ሰዎች፣ ይልቁንም ኖቱ ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ስለሚወጣው የሙከራ ወረቀት ነው። በማተሚያ ቤት አነጋገር ፕሩፍ እንለዋለን። መጨረሻ ላይ ከናንተው የምፈልገው ነገር አለኝ፤ እሱን አሁን አልናገርም።

ስለ ገንዘብ የማወራው ገንዘብ ስላለኝ አይደለም። ገንዘብን ያወቅሁት በመቁጠር ነው። በ1964 ዓ.ም. ከናንተ ጋር ስድስት ኪሎ ገባሁ፣ በ1967 ከናንተው ጋር ዘመትሁ፣ ስመለስ ትምህርቱ ስላልተከፈተ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርሁ። በ1969 ጥቅምት ላይ ብሩ ሲለወጥ መስኮቱ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። ታስታውሳላችሁ፤ ጃንሆይ ያሉበት ኖት ወጣ፣ አዲሱ ገባ። በእንግሊዝኛው የኢትዮጵያ ዶላር ይባል የነበረውም በይፋ ብር ተባለ፤ እኛማ በአማርኛ ድሮም ብር ነበር የምንለው። በአዲሶቹ ኖቶች ላይ ንጉሥ የለም። በአንድ ብሩ ላይ አንድ ልጅ አለ፣ በአምስቱ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው፣ በአስሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በልጅ ልጃቸው እጅ ተመርተው መጡ። ዓይናቸው አያይም። አሮጌዎቹን ብሮች ከኩታቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ፣ ቆጥሬ አዲሱን ሰጠኋቸው። ከመስኮቱ ግን አልሄዱም። አንዱን ኖት በሁለት እጃቸው ይዘው፦

«ልጄ፣ በዚህኛው ላይ ማነው ያለው?» አሉኝ።

«አንድ ልጅ ነው ያለው አባቴ።»

«የማን ልጅ?»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የዚያን ልጅ ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። አውራ ጣታቸውን በልጁ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ቆይተው «ግድ የለም፣ የተሠራ ነው» አሉና ኩታቸው ላይ ቋጥረውት ሄዱ።

«የተሠራ ነው» ያሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ እዚህ አገር መጥቼ ማተሚያ ቤት ስቀጠር ነው። እዚያ የምናትመው ገንዘብ አይደለም፤ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የግብር ቅጽ ነበር። ነገር ግን ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ እዚህ ዋሽንግተን ያለውን የገንዘብ ማተሚያ ቤት ማየት ይፈልጋል። አክስት መጣች፣ ወሰድኋት። የሚስቴ አጎት መጡ፣ ወሰድኋቸው። ሰዉ ብሩ ሲጎርፍ አይቶ ይቀልዳል፣ «ናሙና አይሰጡንም?» ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ወረቀት የሚጀምረው ከአንድ ሰው እጅና ከአንዲት ብረት መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለስላሳ ብረት ይዘጋጃል። ቀራጺው በማጉያ መነጽር ሥር አጎንብሶ፣ እጀታዋ መዳፉ ውስጥ በምትገባ ሹል ብረት፣ መስመር በመስመር ይቆፍራል። የሚቆፍረው ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ ፊደሉም ፊቱም በመስታወት ውስጥ እንደሚታየው ግራው ቀኝ ሆኖ ይቀረጻል። ከዚያ ብረቱ ቀለም ይቀባና ላዩ ይጠረጋል። ቀለሙ የሚቀረው በተቆፈረው ውስጥ ብቻ ነው። ረጠብ ያለ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መጭመቂያ ሲታተም፣ ወረቀቱ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ያነበቡት እሱን ነው። ተራ ፎቶ ኮፒ ወይም ተራ ህትመት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያስተኛዋል እንጂ አያቆመውም።

ፊት መቅረጽ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ብረት ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ቀለም አለ ወይ የለም። ታዲያ ጉንጭ እንዴት ክብ ይሆናል? ቀራጺው መስመሩን ጥላ ባለበት ያወፍረዋል፣ ብርሃን ወዳለበት ሲጠጋ ያቀጥነዋል፣ ከዚያ ይቆራርጠዋል፣ በመጨረሻ ነጥብ ብቻ ያደርገዋል። መስመሮቹ ሲሻገሩ በመካከላቸው በሚቀሩት ትናንሽ ክፍተቶች ውስጥ እንደገና ነጥብ ያስቀምጣል። አሁንም ዶላሩ በእጃችሁ ያለ ሰዎች መነጽራችሁን አውልቃችሁ፣ ወይም እንደኔ የሆናችሁ መነጽራችሁን አድርጋችሁ፣ ጉንጩን እዩት። አንድ ፊት ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው። በገንዘብ ላይ ፊት የሚበዛውም በክብር ምክንያት ብቻ አይደለም። የዛፍ ቅርንጫፍ ትንሽ ቢጣመም ማንም ልብ አይልም፤ የምናውቀው ሰው ፊት ግን በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ «ምን ሆኗል?» እንላለን። ሐሰተኛ ኖት የሚሠራ ሰው የሚያዘውም እዚያ ላይ ነው።

ሥራው ደግሞ የተከፋፈለ ነው። ፊት የሚቀርጸው ፊደል አይቀርጽም፣ ፊደል የሚቀርጸው ፊት አይነካም። ዙሪያውን የምታዩት፣ በብራና መጻሕፍታችን ላይ ሐረግ የምንለውን የሚመስለው የተጠላለፈ መስመር፣ ከቶርኖ ጋር በሚመሳሰል ልዩ ማሽን የሚወጣ ነው። አንዱ ምክንያት ጥራት ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አፍንጫ ሲቀርጽ ከኖረ አፍንጫ ያውቃል። ሌላው ምክንያት ግን ተንኮል የገባው ሰው ብቻውን ሙሉ ኖት መሥራት እንዳይችል ነው።

ይህን ሥራ ወደ ብዙ ኖት የመለወጡን ዘዴ ካዳበሩት መካከል ያዕቆብ ፐርኪንስ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1819 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ እዚያ የተከለው ድርጅት በ1840 የዓለምን የመጀመሪያ የፖስታ ቴምብር አተመ። ዘዴው ይህ ነው፤ በእጅ የተቀረጸው ለስላሳ ብረት በእሳት ይጠነክራል፣ ከዚያ ለስላሳ ጥቅል ብረት ይሽከረከርበትና ቅርጹን ይወስዳል፣ ጥቅሉም በተራው ጠንክሮ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ያትመዋል። ከአንድ ፊት አሥራ ሁለትም፣ ሠላሳ ሁለትም ፊት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ፕሩፍ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀራጺው የሠራውን በብረቱ ላይ በደንብ አያየውም። ብረቱ ያበራል፣ ምስሉ የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ቀለም ቀብቶ በጣም ስስ ወረቀት ላይ ያትምና ካርቶን ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ያንኑ ፊት እየሠራ ደጋግሞ ያደርገዋል። እንደዚህ ያሉ ፕሩፎችን ጎን ለጎን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። በመጀመሪያው ላይ ዓይንና አፍንጫ ብቻ አለ፣ አገጭ የለም። በሁለተኛው ፀጉር ይጀምራል። በሦስተኛው ኮቱ በቀጭን መስመር ብቻ ተነድፎ ባዶውን ይቀመጣል። ሰው ከጭጋግ ውስጥ ወደ እናንተ ሲመጣ ይመስላል።

ስህተት ቢያገኝስ? ብረቱ ገና ለስላሳ ሳለ መድኃኒት አለው። የተሳሳተውን ቦታ ፍቆ ያወጣዋል፣ ሲጎደጉድ ብረቱን ከጀርባው በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታና ላዩን እንደገና ያስተካክለዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ደግሞ ይቀርጸዋል። አንድ ቅንድብ ለማረም ቀናት። ብረቱ ከጠነከረና ወደ ሰሌዳ ከተላለፈ በኋላ ግን ስህተቱ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። ሠላሳ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ ሚሊዮን።

ለዚህ ነው በፕሩፍ ላይ የሚፈረመው። እዚህ ከተማ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ከገንዘብ ማተሚያ ቤቱ የተላለፉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፕሩፎች አሉት። እያንዳንዱ ሰሌዳ ገንዘብ ከማተሙ በፊት በወረቀት ታትሞ፣ ተመርምሮ፣ ጸድቆ የተቀመጠበት ነው። በኖቱ ላይ ካለው ይልቅ በፕሩፉ ኅዳግ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው እኔን የሚስበኝ። አንድ ሰው «አይቻለሁ» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ሰውየው ማን እንደሆነ አብዛኛው ሰው አይጠይቅም። ሰዓቱ ደርሶ ይሆናል፣ ሚስቱ ታማ ይሆናል፤ ግን «አይቻለሁ» ብሏል።

ወደኛው ልመለስ። የአቢሲንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ ሲጀምር አገሩ የሚያውቀው ጠገራ ብር ነበር፤ ማርያ ቴሬዛ ያለችበት፣ ሲወድቅ የሚጮኸው። ወረቀት ገንዘብ ነው ብሎ ማሳመን ቀላል አልነበረም። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣቸውን ኖቶች የቀረጸውና ያተመው እንግሊዝ አገር ያለው ብራድበሪ ዊልኪንሰን ነው። እስቲ ይህን አስቡት። እንግሊዝ አገር፣ ማጉያ መነጽር ሥር የተቀመጠ ፊደል ቀራጺ፣ አማርኛ ተሰጥቶታል። የማያውቀውን ፊደል፣ ለዚያውም ገልብጦ ይቀርጻል። ለኛ ‘ደ’ እና ‘ጀ’ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ለሱ አንዲት ጭረት ናት። ‘ለ’ እና ‘ሉ’ ለኛ ሁለት ቃል ይለያሉ፤ ለሱ ከጎን የወጣች አንዲት እሾህ ናት። በብረት ላይ ደግሞ የመሣሪያዋ ጫፍ ተንሸራታ የምታወጣት ጭረትና ፊደል የምትለውጥ ጭረት መልካቸው አንድ ነው። ይህን የሚለየው የሚያነብ ዓይን ብቻ ነው፤ የሚያነብ ዓይን የሚያገኘው ደግሞ በፕሩፉ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በጃንሆይ ልደት ቀን የገንዘብ አዋጅ ወጣ። የዚያ ጊዜ ኖቶች የታተሙት ፊላደልፊያ፣ ሴኩሪቲ ባንክኖት የሚባል ድርጅት ውስጥ ነው። ጃንሆይ በሁሉም ላይ አሉ፤ በአንድ ብሩ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር። ሰዉ ወረቀቱን እንዲያምን ሃምሳ ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር ነው የሠሩት። አንድ ወዳጃችን (ዛሬ እዚህ አለ፣ ስሙን ብጠራ ይቆጣኛል) የአንዱን ብር ኖት አሳይቶኝ ገበሬውን በማጉያ ሳየው፣ አባቴ ትዝ አለኝ። ፊላደልፊያ ሆኖ የበሬ ጀርባ ላይ ያን ያህል የደከመ ሰው ማን ይሆን?

አሁን ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ በበኩሌ በዚህ ሁሉ ንባቤ እንደዚህ ያሳዘነኝ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣ የአሜሪካ የአምስት ዶላር ኖት አለ። መካከሉ ላይ የአንድ ሕንዳዊ አለቃ ምስል አለበት። በጣም ያምራል፤ ሰብሳቢዎች አብዝተው ከሚወዷቸው ኖቶች አንዱ ነው። አለቃው ራኒንግ አንቴሎፕ ይባላል፣ በኛ አነጋገር ‘የሚሮጥ ድኩላ’ ቢባል ነው። ላኮታ ነው፣ ሁንክፓፓ ከሚባለው ወገን። ፊቱ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ ዋሽንግተን በመጣ ጊዜ አሌክሳንደር ጋርድነር ካነሳው ፎቶ ነው። የቀረጸው ሰው ስሚሊ ይባላል፣ በዘመኑ አንደኛ የተባለ የፊት ቀራጺ። ቅድም የጫራችሁትን የዋሽንግተንን ፊትም የቀረጸው እሱ ነው።

ራኒንግ አንቴሎፕ በፎቶው ላይ በራሱ ላይ ላባ አድርጓል፤ ላባው ግን ወደ ላይ ረዝሞ ለኖቱ አልመች አለ። ምስሉ ይቆረጣል። ምን ተደረገ? የሌላ ነገድ፣ የፓውኒዎች የላባ ዘውድ ተገኘና በሌላ ሰው ራስ ላይ ተደርጎ ፎቶ ተነሳ። ያ ፎቶ ተቆርጦ በአለቃው ፊት ላይ ተጋጠመ፣ ከዚያ ተቀረጸ። ሥዕሉ ልክ ሆነ፣ ቦታው ውስጥ ገባ።

ችግሩ ላኮታና ፓውኒ ደመኛ የነበሩ መሆናቸው ነው። ሰውየውን የጠላቱን ዘውድ አድርገው ለአገር ሁሉ አከፋፈሉት። የወገኑ ስምም ‘ኦኔፓፓ’ ተብሎ ቀረ፤ ሁንክፓፓ የሚለው ተሰባብሮ።

እኔ ሁልጊዜ የማስበው የዚያን ምስል ፕሩፍ ነው። ስስ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቅርጹ እንከን የለውም፤ ጉንጩ ላይ ያሉት መስመሮች ዛሬም ያስደንቃሉ። የሚያዩት ሰዎች መስመሩን አይተዋል፣ ጥላውን አይተዋል፣ ስፋቱን ለክተዋል። ጠረጴዛው አጠገብ የጠፋው አንድ ላኮታ ነው። እሱ ቢኖር ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር፤ ብረቱም ገና ለስላሳ ነበር።

በሰዎቹ ላይ ለመፍረድ ግን አቅሙ የለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከመካከላችን አንዳንዶች በእጃቸው ያለ ትንሽ መጽሔት አለ፤ ማኅበራችን ያኔ በሞት የተለዩንን ጓደኞቻችንን ለማስታወስ ያሳተመው። በዘመቻ ላይ የቀሩት፣ በቀይ ሽብር ያለቁት፣ በስደት መንገድ የጠፉት፤ የስም ዝርዝር ነው። አቀማመጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ማታ ማታ ማሽኑን እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። ዝርዝሩን በአማርኛ ጻፍሁ፣ ፕሩፉ ወጣ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነበር፣ በማግስቱ ስብሰባው ነው። ፕሩፉን አየሁት። ኅዳጉ ልክ ነው፣ የመስመሩ ክፍተት ልክ ነው፣ ጥቁሩ ቀለም አልደበዘዘም። እንደ ባለሙያ አየሁት ማለቴ ነው። ፈረምሁበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። የአንዱ ጓደኛዬ ታላቅ እህት ናቸው። ከሱ ጋር ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓመት ነው ያነበብነው፤ የሱን ማስታወሻ ደብተር ሳልዋስ የገባሁት ፈተና የለም። በ1970 ነው የተገደለው። ቤተሰቡ አስከሬኑን አላገኘም፣ መቃብር የለውም።

«መጽሔቱ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፦ «ልጄ፣ የአባታችን ስም ግን ይህ አይደለም» አሉ።

አውጥቼ አየሁት። አንዲት ፊደል። ፊደሏ ላይ መኖር ያለባት ጭረት የለችም። ጭረቷ ስትጎድል ስሙ ሌላ ስም ይሆናል፤ ያውም ሰው የሚጠራበት ትክክለኛ ስም። ለዚያ ነው ዓይኔ ያለፈው። እኔ በብረት ላይ ገልብጬ አልቀረጽሁም፣ ፊደሉን የማላውቅ የሩቅ አገር ሰውም አይደለሁም። የገዛ ጓደኛዬን የሌላ ሰው ልጅ አድርጌ ሦስት መቶ ቅጂ አሳተምሁ። ያን ሌሊት ያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ «የማን ልጅ?» ያሉት ጆሮዬ ላይ አደረ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደገና አሳትመዋለሁ» አልኋቸው።

«ተወው፣ ወጪ አታብዛ» አሉኝ። «ግን ያለችን እሷ ገጽ ብቻ ስለሆነች ነው የነገርኩህ።»

አላሳተምሁትም። ገንዘብ አልነበረም፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ልጆች መጡ። ‘እርማት’ የምትል ትንሽ ወረቀት አትሜ መጽሔቱ ውስጥ እንድትገባ ልኬ ነበር፤ ስንቱ እንዳስገባት አላውቅም። የዋሽንግተኑን ሙዚየምና የፕሩፍ ነገር መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ባለቤቴ «ኃጢአትህን በገንዘብ ታሪክ ልታስተሰርይ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በመስከረም 2013 ብሩ እንደገና ሲለወጥ፣ ሁለት መቶ ብር የሚባለውም ሲመጣ፣ የመለወጫው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ከመሳቢያችን ውስጥ አሮጌ መቶ ብሮች አውጥተን ተሳስቀናል፤ ለታክሲ ይሆናል ብለን ከአገር ቤት ስንመለስ ያስቀረናቸው። የኔ ልጅ አንዱን ወስዳ፣ ማይክሮስኮፕ የሚያየውን ሰው ከጀርባው አይታ «አባዬ፣ ይሄ ማነው?» አለችኝ። አሁንም መልስ የለኝም። ግን በጣቷ እንድትዳስሰው ነገርኋት፤ አሮጌና የነተበ ቢሆንም ሻከር ይላል።

እንግዲህ ቅድም እፈልጋለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። የዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሐፍ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የሙታኖቻችን ዝርዝር እንደገና ይወጣል። ካለፈው ይረዝማል፤ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ብዙ ሰው ተለይቶናል። አቀማመጡን አሁንም እንድሠራ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ በአንድ ሁኔታ ነው እሺ ያልሁት። እኔ አልፈርምም። የዚያን ጓደኛዬን ስም እትዬ ራሳቸው በስልክ ፊደል በፊደል አስነብበውኛል፤ እርጅና ቢጫናቸውም ድምፃቸው ደህና ነው። ሌሎቹን ግን እኔ አላውቃቸውም። የኢንጂነሪንጉን ልጅ የኢንጂነሪንግ ሰው ነው የሚያውቀው፣ የጎንደሩን የጎንደር፣ የሐረሩን የሐረር። ስሙ በ‘ሀ’ ይሁን በ‘ኃ’፣ አያቱ ይጠሩ አይጠሩ፣ ማዕረግ ይግባ አይግባ፣ የሚያውቀው አብሮት የበላ ነው። ስሙ ጭራሽ የቀረም ካለ ኅዳጉ ላይ ጻፉት፤ ኅዳጉን ሆን ብዬ ሰፊ አድርጌዋለሁ።

ፕሩፉ በስተግራ ባለው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አሥራ አንድ ገጽ ነው። እርሳስም ማጉያ መነጽርም አስቀምጫለሁ። ያያችሁት ስም አጠገብ ምልክት አድርጉና ከጎኑ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ወደ ማተሚያ ቤት የምወስደው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማታም ከጭፈራው መካከል ወጣ እያላችሁ ማየት ይቻላል። መብራቱን አላጠፋውም።